ከግድግዳዬ ማዶ ብረት ለሚቆርጡት ሊቀ መንበራችን

ይድረስ ለክቡር ኢንጂነር ካሣሁን፣ የናይሮቢ ኢምባካሲው እድራችን ሊቀ መንበር፣ የድንኳናችን ጠባቂ፣ የመቃብር መስቀሎቻችን ቆራጭ፣ በአጥር ሳይሆን በአንድ ግድግዳ ለሚዋሰኑኝ ጎረቤቴ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ እንዴት ነው? ኮምፕረሰርዎስ በርትቷል? እኛ ለጤናችን ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ስደርስ መብራቱ ብልጭ ድርግም ስላለ ብዕሬን ጥዬ ወደ ባለቤቴ ሮጥኩ። ተመልሻለሁ። ለጊዜው ደህና ናት።

ይህን ደብዳቤ በእድሩ ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ በግልጽ የማወጣው እርስዎን ላሳጣ ብዬ አይደለም። ሦስት ጊዜ በርዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ይሉኝታ ይዞኝ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ። በጽሑፍ ግን ፊትዎን ስለማላይ ትንሽ ወንድ እሆናለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አባላት ላስረዳ። ክቡር ሊቀ መንበራችን በጋራዣቸው ውስጥ የፕላዝማ መቁረጫ ጠረጴዛ ተክለዋል፤ በኮምፒውተር እየታዘዘ፣ በኤሌክትሪክና ኮምፕረሰሩ በሚያምቀው አየር እሳት እየተፋ ወፍራም ብረት የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። ዓላማው የተቀደሰ ነው፦ ከመካከላችን ሰው ሲሞት የመቃብሩን መስቀል ስሙን ጽፎ በሰዓቱ ለማድረስ። በጠቅላላ ጉባኤው ሐሳቡ ሲቀርብ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እኔ ረዘነ ነኝ። በአውሮፕላን ጥገና ጋራዥ አርባ ዓመት ብረት የበየድኩ ሰው አዲስ መሣሪያ አይቼ እንዴት ዝም እላለሁ? የጠረጴዛውን እግሮች በውሃ ልክ ያስተካከልኩትም፣ የምድር ሽቦውን ያሰርኩትም በእነዚህ እጆቼ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴ ጽገወይኒ ጤነኛ ነበረች። ሳንባዋ ታሞ፣ ከሆስፒታል ኦክስጅን የሚያመርት ማሽን ተሰጥቷት ወደ ቤት ከገባች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ እርስዎ ቁጥር ይወዳሉ።

አንደኛ፤ ስለ መብራት። ሁለቱ ቤቶቻችን ከምሰሶው አንድ መስመር እንደሚጋሩ ያውቃሉ። እርስዎ መቁረጥ ሲጀምሩ በእኛ በኩል ስቲማው፣ የአገሩ ሰው ኤሌክትሪክን እንደሚጠራው፣ ይወርዳል፤ ስቲማው ሲወርድ የጽገወይኒ ማሽን ይጮህና ይቆማል። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ቆመ። የመጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር ልከፍት መፍቻ አነሳሁ፤ አርባ ዓመት መፍቻ የያዘው እጄ ወዴት እንደሚዞር ጠፋው። ከንፈሯ ሲጠቁር እያየሁ ነው። እንዲያቆሙልኝ ብዬ በመፍቻው ግድግዳውን ደበደብኩ። ክቡርነትዎ ግን ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነዎት! ሰላምታ መስሎዎት ሁለት ጊዜ አንኳኩተው መለሱልኝና ሥራዎን ቀጠሉ። ስለ ሰላምታው ከልብ አመሰግናለሁ። ሲሊንደሩ በመጨረሻ ተከፈተ፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብኝ አላውቅም። እጄን ይዛኝ ስለነበር የጥፍሯ ምልክት እስከ ሰኞ ድረስ አልጠፋም።

ሁለተኛ፤ ስለ እሳት። በአገራችን ወግ የእድር ዕቃ የሚቀመጠው በሊቀ መንበሩ ቤት ስለሆነ፣ ድንኳናችን፣ ምንጣፎቻችንና ለለቅሶ የምናበስልባቸው ሁለት የጋዝ ሲሊንደሮች ከጠረጴዛው አምስት እርምጃ ርቀው ተደርድረዋል። ፍንጣሪ ስንት እርምጃ እንደሚሄድ እኔን ይጠይቁኝ። በዚህ ላይ ከጋራው መስመር ገመድ ሊያሳልፉ ግድግዳችን ላይ የበሱት ቀዳዳ እስከ ዛሬ አልተደፈነም፤ ሲቆርጡ ሰማያዊው ብርሃን ከባለቤቴ አልጋ በላይ ይጨፍራል። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ውስጥ አንዲት ፍንጣሪ ብትገባ ምን እንደሚሆን ለአባላቱ አልዘረዝርም፤ እኔ ራሴ ማሰቡ እንቅልፍ ነስቶኛል። ቀዳዳውን በእርጥብ ፎጣ ወትፌ በየሰዓቱ አረጥበዋለሁ። እድር ሰው ሲሞት የሚደርስ ማኅበር መሆኑን አውቅ ነበር፤ ቀድሞ መድረስ መጀመሩን ግን ማንም አልነገረኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ ጭስ። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲቆርጡ ጭሱ መርዝ ነው። እርስዎ ጭምብል ያደርጋሉ፤ ጽገወይኒም ጭምብል አላት፣ የእሷ ግን ለሌላ ነው።

አራተኛ፤ ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ባለፈው እሑድ የእድሩን ሽማግሌዎች መርተው፣ ብርቱካን አስይዘው ስለጠየቁን እግዜር ይስጥልን። የቆዳ ሽርጥዎን እንኳ ሳያወልቁ መምጣትዎ ምን ያህል እንደቸኮሉልን ያሳያል። ፈጣሪ ይማርሽ ብለው እርስዎ ቀድመው ወጡ። እንግዶቹ ገና ብርቱካን እየላጡ ሳሉ ማሽንዎ ተነሣ፣ መብራቱም ወረደ። አብራችሁ የመጣችው ወይዘሮ ሐሊና ለእኛ ሲሉ እሑድን እንኳ አያርፉም ብላ አደነቀችዎት። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ፣ ነቀነቅሁ! በአንድ እጄ የሲሊንደሩን ቁልፍ ይዤ፣ በሌላው ለእንግዶች ሻይ እየቀዳሁ፣ እውነት ነው አልኩ። ይሉኝታ ሰው ይገድላል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ከዚህ በላይ በሽሙጥ ልቀጥል አልችልም። ፈርቻለሁ። ኮምፕረሰርዎ ሲያጉረመርም ወደ ሲሊንደሩ እሮጣለሁ፤ ዝም ሲልም መቼ ይነሣ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። ገበያ መውጣት ትቻለሁ፤ ከአልጋዋ ሥር ተቀምጬ ግድግዳውን አዳምጣለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ አባቶች፤ ለእኔ ሁለቱም በአንድ ግድግዳ ማዶ ናቸው። አርባ አንድ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት፤ ሌላ ሰው የለኝም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ጠረጴዛው ፈንዲዎቹ፣ የአገሩ የእጅ ባለሙያዎች፣ ብረት ወደሚሠሩበት ሠፈር እንዲዛወር ነው፤ እግሮቹን ፈትቼ፣ ተሸክሜ፣ እዚያም በውሃ ልክ አስተካክዬ እተክልልዎታለሁ። ይህ እስኪሆን ድረስ ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት በሬን አንኳኩተው ይንገሩኝ። በሩን እንጂ ግድግዳውን አይደለም።

የእጅዎን ጥበብ የማደንቅ፣ የጋራዥዎን ድምፅ ከእርስዎ በላይ በጥሞና የማዳምጥ፣ በእድሩ መዝገብ ሠላሳ አራተኛ፣ በፍርሃት ግን አንደኛ የሆንኩ ታዛዥ አባልዎና ጎረቤትዎ፣
ረዘነ

ማስታወሻ፦ ለቤታችን በር ማስጌጫ ብለው በስጦታ የላኩልን የብረት ጽሑፍ ደርሶናል። ፊደሉ ያምራል፣ ጠርዙም ንጹሕ ነው። የጽገወይኒ ስም፣ ከሥሩ ከእድሩ መዝገብ ያገኙት የልደት ዓመቷ፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሰረዝ አለ። የመስቀሎቹን ንድፍ ሳይለውጡ ስሟን ብቻ አስገብተው እንደቆረጡት ገብቶኛል፤ ክፋት የለበትም። እሷ አይታው ሳቀች፤ ከሳቀች ወር አልፏት ነበርና ስለዚያ አመሰግናለሁ። እኔ አልሳቅሁም። ከሰረዙ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር ለመቁረጥ፣ እባክዎ፣ አይቸኩሉ።