ድልድዩ ይችላል

ሜላትዬ፣

ኔትወርክ ስለጠፋ በፖስትካርድ ልናዘዝልሽ ነው። እንጅባራ አጠገብ ካለ ድልድይ ሥር ንዝረት የሚለኩ ስምንት ሴንሰሮች ለጥፌ ሳምንት ጠበቅኩ። ሚኒባስም ባጃጅም ቢያልፍ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው መስመር ንቅንቅ አላለም። ያንቺ ኮንዶሚኒየም እኮ የጎረቤት በር ሲዘጋ ከዚህ ይበልጥ ይነቃነቃል።

ትናንት ለጥር ጊዮርጊስ የሚለማመዱ ፈረሰኞች መጡ። አለቃቸውን አያ ዋኘውን «እባክዎ፣ ሁላችሁም አንድ ላይ ጋልባችሁ እለፉልኝ» አልኳቸው።

«ድልድዩ ይችላል?»

«በሂሳብ ተረጋግጧል፤ ይችላል» ብዬ እኔም ድልድዩ ላይ ዳር ይዤ ቆምኩ።

አርባ ፈረስ በአንድ ጊዜ ገባ። ልኬቱ ግሩም ነው፤ ድልድዩም ችሏል። ሴንሰሩ ያልመዘገበው፣ ሦስተኛው ፈረስ ሳይደርስ እኔ ኮምፒውተሬን አቅፌ ማዶ ሳሩ ላይ መገኘቴን ነው። አያ ዋኘው ልጓማቸውን ያዝ አድርገው ቁልቁል አዩኝና «ይችላል ያልኸው አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።

አዲስ አበባ መሬት የተንቀጠቀጠ ጠዋት ከአምስተኛ ፎቅ በአንድ እግር ጫማ ስትወርጂ፣ በስልክ «ሕንፃው ይችላል፣ ተመለሺ» ብዬ የሳቅኩብሽ ትዝ አለኝ። ሕንፃው ችሎ ነበር። ትክክል ነበርኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

የካርዱ ቦታ አለቀ። አብረውሽ የወረዱትን እትዬ ርብቃን ከነልጆቻቸው ሰላም በይልኝ። ጫማ ገዝቼልሻለሁ፣ ለሩጫ የሚመች። ለራሴም ገዛሁ።

ዮናዳብ