ሦስት ዓመት የተሰጠው ጫካ

ይድረስ ለታላቋ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ሰንብተሻል እትዬ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? መነጽርሽንስ ቀየርሽ? ካልቀየርሽ ይህን ደብዳቤ ልጅሽ ታንብብልሽ፤ ብቻ ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትዘል። ባለቤትሽን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? እኛ ሁላችንም በጣም ደህና ነን። እማማም ደህና ናት፤ ጆሮዋ ደከም ብሏል ትላለች እንጂ ስለ እሷ ሲወራ ከጓሮ ሆና ትሰማለች። እኔማ ደስታዬን የማስቀምጥበት ጠፍቶኛል። ትናንት የደን ባለሙያው መጣ፣ አየ፣ ለካ፣ ፈረመ። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩሽ ግን አይጥመኝም፤ ወንበር ሳብ አድርገሽ ተቀመጪ።

የዛሬ ሦስት ዓመት የጻፍሽልኝን ደብዳቤ አልጣልኩትም። ከመሳቢያዬ ውስጥ፣ ከሞረዱ ሥር አለ። «አባባ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቅርንጫፍ ሳያስነካ የጠበቀውን ጫካ ላጨሽው» ያልሽበት ነው። ጫካው የሁለታችን እንደሆነ አስታወስሽኝ። የቆረጥኩት ቦታ በሦስት ዓመት ተመልሶ ካልበቀለ፣ የደን ባለሙያም በዓይኑ አይቶ ካልመሰከረ፣ መጋዜን እንዳስቀምጥ፣ ጫካውም እንዲዘጋ ወሰንሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥዬ ተናደድኩ፣ ከዚያ ለአንድ ሳምንት ስምሽን የሚያነሳብኝን ሁሉ ተቆጣሁ። የመጀመሪያውን ቆረጣ ፎቶ የላክሁልሽ እኮ ደስ ይበልሽ ብዬ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁበት የጨርቅ መደብር ሲዘጋ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፣ እንጨት መሸጥ ጀመርኩ ልልሽ ነበር። አንቺ ግን ያየሽው የጉቶ ሰልፍ ብቻ ነው።

አሁን ጊዜው ስላለፈ ልናዘዝ፤ ፎቶው ላይ ያየሽው ረድፍ እውነትም የተበላሸ ነበር። ጥፋቱም የእኔው ነው። መጋዝ የሚይዝልኝን ሰው ሁላችንም «ወገቤ» ነው የምንለው፤ ቀኑን ሙሉ «ኧረ ወገቤን» ስለሚል እንጂ ሌላ ስም አጥቶ አይደለም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጎንበስ ማለት እንደማይችል፣ ዛፉን ከጉልበት ከፍታ ላይ ቢቆርጠው ምንም እንደማይጎዳ ነገረኝ። እኔም ለወገቡ አዘንኩ። አንድ ረድፍ ሙሉ ጉልበታችን ድረስ የቆሙ ጉቶዎች ተውን። ዝናብ ሲጥል ከየጉቶው አናት ላይ ቀንበጥ ፈላ፤ እኔ ጮቤ ረገጥኩ። ከዚያ የመጀመሪያው ብርቱ ነፋስ መጣና ሁሉንም ገንጥሎ ጣላቸው። ከላይ የበቀለ ቀንበጥ የሚይዘው ሥር የለውማ፤ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ነው።

ወገቤ ከእኔ በላይ አፈረ። ለሁለት ቀን «ወገቤን» ሳይል ዋለ፤ ታመመ እንዴ ብለን ፈራን። በሦስተኛው ቀን ከቤቱ አጭር በርጩማ ተሸክሞ መጣ። ጉቶው አጠገብ ተቀምጦ፣ ከመሬት አንድ ጣት ከፍ አድርጎ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ወደ አንድ ጎን ሸርተት አድርጎ ያንን ረድፍ ሁሉ እንደገና ቆረጠው። ዛሬም ቢሆን ተቀምጦ ነው የሚቆርጠው። የሚያየው ሁሉ ይስቅበታል፤ እሱም «እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ» ይላቸዋል።

ሁለተኛው ጥፋቴ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ነገር ነው። ለመሸጥ ጓጉቼ ያልደረቀ ፍልጥ ጫንኩላት። በማግስቱ እስከ ክርኗ ዱቄት እንደሆነች፣ ዓይኗ እንባ እንዳዘነበ ግቢዬ ድረስ መጣችና፣ «እህቴ፣ የሸጥሽልኝ እንጨት ነው ሽንኩርት?» አለችኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እንጨቱን መልሼ ወሰድኩ። ከዚያ በኋላ ማንም ይምጣ ማን፣ ዓመት ጣሪያ ሥር ያልከረመ እንጨት ከግቢዬ አይወጣም። ክምሮቹን ነፋስ እንዲያልፍባቸው አራርቀን እንደረድራለን፤ በየክምሩ ላይ የተቆረጠበትን ወር በኖራ እጽፋለሁ። ዳቦ ጋጋሪዋም ሁለት ፍልጥ አንስታ እርስ በርስ ማጋጨት ተማረች። እርጥብ ከሆነ ትራስ እንደመምታት ነው፣ ድምፅ የለውም። ደረቅ ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል። ዛሬ እሷን አይተው ሌሎች ሁለት ዳቦ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያው ከእኛ ይወስዳሉ። ሰው እንጨት ገዝቶ ከመሄዱ በፊት ግቢዬ ውስጥ ቋ ቋ ሲያደርግ ብትሰሚ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የከፈትኩ ይመስልሻል።

ጫካውን ደግሞ ዐሥር ቦታ ከፍዬዋለሁ። በዓመት የምንነካው አንዱን ብቻ ነው፤ ዐሥረኛውን ስንጨርስ የመጀመሪያው ደርሶ ይጠብቀናል። የቆረጥነውን ቦታ ፍየል እንዳይገባበት ዙሪያውን በጭራሮ እናጥራለን። ይህን ሁሉ ከአንድ ዓመት በፊት ልጽፍልሽ እችል ነበር፤ ግን የተቀጠረልኝ ቀን ሳይደርስ ቃሌን አላባክንም ብዬ አፌን ዘጋሁ። እኔ አፌን ስዘጋ ምን ያህል እንደምሠቃይ ታውቂያለሽ።

እና ትናንት ጠዋት ባለሙያው መጣ። ሜትሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። እኔ ከኋላው፣ ወገቤ በርጩማውን ታቅፎ ከእኔ ኋላ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ነገር በዚህ ዝምተኛ ሰው እጅ ነበር። መጀመሪያ በቆረጥነው ቦታ ከጉቶ ጉቶ እየዞረ ቀንበጦቹን ቆጠረ፣ ውፍረታቸውን ለካ። እትዬ፣ ቀንበጥ እላለሁ እንጂ ከእኔ ቁመት እጥፍ ሆነዋል፤ ባለሙያው ውስጣቸው ሲገባ ባርኔጣው እንኳን አይታይም ነበር። ያ የወገቤ ረድፍ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ጎንበስ ብሎ ጉቶውን ዳበሰና፣ «ይህን ሁለቴ ነው የቆረጣችሁት» አለ። አልዋሸሁም፣ እንዳለ ነገርኩት። ወገቤን አየው፣ በርጩማውን አየው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ከዚያ ገና ወዳልተነካው ወደ ትልልቁ ዛፍ ገባ። እኔና አንቺ «ቤታችን» የምንላት ቦታ ትዝ ትልሻለች? አራቱ ግንዶች ክብ ሠርተው የቆሙባት፣ አንቺ እናት እኔ ልጅ የምንሆንባት፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ የምታስተኚኝ? ያኔ ግንዶቹ ክንድ ያክሉ ነበር፤ ዛሬ አቅፌ አልጨርሳቸውም። ባለሙያው እዚያ መሐል ተቀመጠና የረገፈውን ቅጠልና አፈሩን በእጁ ጠራርጎ ከሥራቸው ያለውን አሳየኝ። «እነዚህ አራት ዛፎች አይደሉም» አለኝ፤ «አንድ ጉቶ ናቸው።»

አልገባኝም። እየዞረ ሌላውን አሳየኝ፣ ሌላውን፣ ሌላውን። ሁሉም ሦስት ሦስት፣ አራት አራት ሆነው ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ሃምሳ ምናምን፣ ስልሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ጫካ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርጦታል አለ፤ ዝቅ አድርጎ፣ ሸርተት አድርጎ፣ ልክ እንደ እናንተ አለኝ። እዚያው ጉቶ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ፈረመልኝ።

ወደ ቤት ስገባ እማማ መስኮቱ ሥር ጥሬ ትለቅማለች። ባለሙያው ያለውን ነገርኳት። ቀና እንኳን አላለችም።

«ታዲያ ማን የቆረጠው መሰለሽ? አባትሽ ነዋ። የተወለዳችሁበት ቤት ምሰሶውና ወራጁ ከየት የመጣ ይመስልሻል?»

«እማማ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ?»

ከዚያ ሰፌዷን አስቀምጣ ስታወራኝ ዋለች። በተጋቡ ዓመት እሱ ሲቆርጥ እሷ ስትጎትት ከረሙ። ሰፈሩ ሁሉ ጫካውን ጨረሰው ብሎ አማው። እሱም ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ዱላውን ይዞ የሚወጣው ዛፍ ሊጠብቅ አልነበረም፤ ቀንበጡን ከፍየል ሊጠብቅ ነው። ቀንበጡ ዛፍ ሆኖ ፍየል የማይደርስበት ሲሆን እንኳን መውጣቱን አልተወም፤ ልማድ ሆነበት። እኛ የምናውቀው ያንን አባባን ነው፤ ዱላውን ይዞ ከጫካው ዳር የቆመውን። መጋዝ የያዘውን አላየነውም።

ስለዚህ እትዬ፣ ረትቼሻለሁ። ሳልፎክር አላልፍም፤ ሦስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ብቻ የረታሁሽ ለብቻዬ አይደለም፣ ከአባባ ጋር ሆኜ ነው። የባለሙያው ወረቀት ግልባጭ ከዚህ ጋር አለልሽ፤ እሱን አንብበሽ ስትጨርሺ «ቀጥዪ» የምትል አንዲት ቃል ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ሌላ ይቅርታ አልፈልግም። ዘንድሮ የሚቆረጠው አራተኛው ቦታ ነው፤ «ቤታችን» ያለችው እዚያ ውስጥ ናት። አራቱን ግንዶች በነጭ ጨርቅ አስሬያቸዋለሁ። እነሱን አንቺ መጥተሽ መሐላቸው ሳትቀመጪ መጋዝ አይነካቸውም፤ ወገቤም በበርጩማው ምሏል።

እማማ ጉንጯን ሳም አድርጊልኝ ትላለች፤ ጉልበትሽንም በለብ ያለ ውሃ እሺው ብላሻለች። ባለቤቴ ሰላም ይልሻል፤ የክምሮቹን ጣሪያ የሠራው እሱ እንደሆነ ሳልጽፍ እንዳልዘጋው አስጠንቅቆኛል፣ ይኸው ጻፍኩ። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሳሉን ይጠንቀቅ። ልጅሽን፣ ይህን የምታነብልሽን፣ ዓይኗን ሳሚልኝ። ወገቤ ስምሽን እንኳን ሳያውቅ «ለዚያች ለፎቶዋ እመቤት» ብሎ ሰላምታ ልኳል።

በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት አጫጭር እንጨቶች ከደብዳቤው ጋር ይደርሱሻል። ፎቶው ላይ ካየሽው ረድፍ፣ ከዚያው ከጉቶው የበቀሉ ናቸው፤ አምና የበዙትን ቀንበጦች ስናሳሳ ቆርጬ ዓመት ያደረቅኋቸው። ቤቱን ጸጥ አድርጊና ጆሮሽ አጠገብ አጋጪያቸው።

ታናሽሽ፣
ከእንጨት ማከማቻው፣ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ፤
ኅዳር ፲፬ ቀን