በሁለት ዋስ ያለፍኩት ፈተና

ይድረስ ለወንድሜ ለዲያቆን ወንድማገኘሁ ሞላ፤ ከአባይ ማዶ፣ ጎጃም።

ወንድምዬ፣ እንደምን ከረምህልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብህ ሳል ዘንድሮ ማረህ? ጎጆህ አያፈስም? የኔታስ ደህና ናቸው? አለንጋቸውስ? እኛን የመድኃኔ ዓለም ቸርነት አልተለየንም። ዝናቡ በሰዓቱ ገብቷል፤ እማማም ጉልበቷን እያማረረች ከሁላችን ቀድማ ትሄዳለች። ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም፤ እሱንም አራት ሆነን ስለምንካፈለው ለአንዳችን የሚደርሰው አይገድልም። ቅኔ መቁጠር ጀመርህ አሉ። ከእንግዲህ አንቱ ልበልህ እንዴ? አልልም። የላም ጭራ ይዘህ ስትጎተት ያየሁህ ሰው ነኝ፤ ምላሴ እሺ አይለኝም።

የኔታ ስልክ የያዘ ተማሪ ቅኔ አይዘልቀውም ስላሉ ይህን በወረቀት ጻፍኩልህ። የሚያደርስልህ የትምህርት ቤት ባልንጀራህ ዋለ ነው፤ ዘመድ ጥየቃ መጥቶ ሰኞ ይመለሳል። መንገድ ላይ እንዳያነበው በማርያም አስምየዋለሁ። ዋለ፣ እስከዚህ ድረስ እንዴት ነው፣ ተመቸህ?

አሁን ወደ ወሬዬ። መጀመሪያ መራራውን ላስቀድም። ዩኒቨርሲቲ ገባች ብላችሁ እልል ያላችሁልኝ ልጅ በመጀመሪያው መንፈቅ ውጤቷ ወርዶ «ዋርኒንግ» የሚሉትን ማስጠንቀቂያ ተቀበለች። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ በሁለተኛው መንፈቅ ካላሻሻልሽ ሻንጣሽን አንሥተሽ ወደ እናትሽ ቤት። ይህን ለአባባም ለእማማም አልነገርኩም ነበር። በየእሑዱ ስጠየቅ «ትምህርቱ ደህና ነው» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ትምህርቱማ ደህና ነበር፣ ያልሆንኩት እኔ ነበርኩ።

ምክንያቱም ወፍጮ ቤቱ ነው። አባባ ያቺን የደብር ደመወዝና የማሳውን ገብስ ለሦስት ልጅ ሲያብቃቁ እያየሁ ለሳሙናና ለደብተር እጄን መዘርጋት አሳፍሮኝ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ሐጂ አብዱራህማን ወፍጮ ቤት ሥራ ገባሁ። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ክፍል በሌለኝ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ሙሉ ቀን እህል እመዝናለሁ፤ ወፍጮው አፍ ላይ እጨምራለሁ። ከዚያ እየሮጥኩ ክፍል ስገባ ፀጉሬ ዱቄት እንደለበሰ ነው። ልጆቹ ተነሥተው «ኖር! እማማ ሐረግ፣ እዚህ ይቀመጡ» ይሉኛል። እቀመጣለሁ፤ ወንበር በነፃ ሲገኝ ለምን እምቢ እላለሁ?

የከተማው ሽማግሌ ሁሉ ደግሞ ለእኔ ያለው ምክር አንድ ነው፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ አርባ አንድ ጊዜ ተነግሮኝ ነበር። ቆጥሬዋለሁ፤ የምማረው ስታቲስቲክስ አይደል? ሐጂ ራሳቸው አሥራ ዘጠኙን ይወስዳሉ። ሐጂን ብታያቸው ትወዳቸዋለህ። ስልክ ሲያወሩ ደሴ ያለው ልጃቸው ያለ ስልክ እንዲሰማቸው አድርገው ነው የሚጮኹት። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ወፍጮው እያጓራ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ መብራት ጠፍቶ ጸጥ ሲል ግን «ምንድነው የሚረብሸኝ?» ብለው ይነቃሉ።

የመከራው ቀን ሚያዝያ ሃያ ነበር። በርበሬ የምንፈጭበት ትንሹ ወፍጮ ከተበላሸ ወር አልፎት ሁሉንም በአንዱ ነበር የምንፈጨው። በርበሬ ካለፈ በኋላ ድንጋዩ ተጠርጎ፣ ጥቂት በቆሎ ተፈጭቶበት እስኪጠራ ይጠበቃል። እኔ በአንድ እጄ የፈተና ወረቀት ይዤ ስለ አማካይና ስለ ልይይት እያነበብኩ፣ የአንዲት ሴትዮ በርበሬ እንደ ወጣ ቀጥሎ የነበረውን ስንዴ ዝም ብዬ ጨመርኩት። ስንዴው የማን መሰለህ? የእትዬ በለጥሻቸው! ያውም ለማግስቱ ለማርያም ማኅበራቸው ዳቦ የሚጋገርበት። እትዬ በለጥሻቸው ማለት ዘበኛ ሳይቀር ሲያያቸው የሸሚዙን ቁልፍ የሚቆልፍላቸው ሴት ናቸው።

በማግስቱ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፤ ተአምረ ማርያም ተነበበ፤ ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው እትዬ በለጥሻቸው ናቸው፤ ያኔ እየተቆጡ፣ አሁን እየሳቁ። ቄሱ ሳል ያዛቸው፤ ሽማግሌዎቹ አፍንጫቸውን በጋቢ ጫፍ ያዙ፤ የሁሉም ዓይን እንባ አቀረረ። ዘግይተው የገቡ አንድ አባት ቤቱን ዞር ዞር ብለው አይተው ደረታቸውን እየደቁ «ምን ዓይነት ተአምር ተነቦ ነው እንዲህ የተለቀሰው? ምነው ቀድሜ በመጣሁ!» አሉ አሉ።

እትዬ በለጥሻቸው ቁራሹን በመሶብ ጨርቅ ጠቅልለው ወፍጮ ቤት መጡ። «አንቺ የመሪጌታ ልጅ! ስንዴ ሰጠሁሽ እንጂ አዋዜ ላኪልኝ አልኩሽ?» ብለው ሲጮኹ ወፍጮው ያፈረ ይመስል መብራት ጠፋ። ሐጂም ከእንቅልፋቸው ነቅተው ቁራሹን ቀመሱና አንድ ጊዜ አስነጥሰው «ወላሂ ሐረግ፣ ከእንግዲህ ወይ ደብተሩን ወይ ወፍጮውን ምረጪ» አሉኝ። ሃያኛው ዛፍ መሆኑ ነው። እግራቸው ላይ ወድቄ የሁለት ወር ጊዜ ለመንኩ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ተነሺ ብቻ፤ ልብሴን ዱቄት አታስነኪኝ» ብለው ማሩኝ።

በዚያው ሳምንት የስታቲስቲክስ መምህራችን መምህር ሁዜይፋ የመጨረሻውን ሥራ ሰጡን። ከመቶው አርባውን የሚይዝ ነው። «ከኢንተርኔት የተገለበጠ ቁጥር አላይም፤ በዓይናችሁ ያያችሁትን አምጡ» አሉ። አጋማሽ ፈተናውን አሥራ አንድ ነበር ያገኘሁት፤ ከስንት እንደሆነ አትጠይቀኝ። ይህን አርባ ካጣሁ ኮርሱ ይወድቃል፤ ኮርሱ ከወደቀ እኔም ተባራሪ ነኝ። እና ወንድምዬ፣ ሌሎቹ ምን እናጥና እያሉ ራሳቸውን ሲያኩ እኔ በዓይኔ የማየው ወፍጮ ብቻ ስለነበረ ወፍጮውን አጠናሁ።

ሦስት ሳምንት እያንዳንዱ ከረጢት መቼ እንደመጣ፣ ምን እንደያዘ፣ መቼ እንደወጣ መዘገብኩ። አንድ ሰው በአማካይ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይጠብቃል። የሚያቆየን ደግሞ መፍጨቱ አይደለም፤ መቀያየሩ ነው። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽምብራ፣ እንደገና በርበሬ፤ በየመሃሉ መጥረግ፣ በየመሃሉ በቆሎ። ስለዚህ ጤፍና ስንዴ ጠዋት፣ ገብስና ጥራጥሬ ከሰዓት፣ በርበሬ ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ይሁን አልኩ።

ጉድ ፈላ! የኛ ሰው ሕገ መንግሥት ቢቀየር ይታገሣል፤ የወፍጮ ቤት ተራ ግን አይነካም። ከረጢት ከተሰለፈ ባለቤቱ ተሰልፏል ማለት ነው። ከረጢቱን አቁሞ ገበያ ይሄዳል፤ ልቅሶ ይደርሳል፤ አንዱማ ከላላ ወረዳ ድረስ ሄዶ ሰርግ በልቶ እስኪመለስ ከረጢቱ ቆሞ ጠብቆታል። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ «ዛሬ በእህላችን ከለየሽን ነገ በመልካችን ታሰልፊናለሽ!» አሉኝ።

ሁለት ቀን አሰብኩና መላ አገኘሁ። አልታዘዝም የሚል ሰው ካለ ማዘዣውን ለራሱ ስጠው። ካርቶን ቆርጬ «የወፍጮ ተራ አስከባሪ» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩና በክር አድርጌ እትዬ በለጥሻቸው አንገት ላይ አጠለቅሁት። መጀመሪያ «አሁን እኔን ታሾፊብኛለሽ?» አሉ። ቀጥለው «ወደ ቀኝ አዘንብሏል፣ አቃኚው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ወፍጮ ቤቱ የጦር ሰፈር ሆነ። ረቡዕ በርበሬ ይዞ የመጣ ሰው ከነበርበሬው ቤቱ ይመለሳል። እኒያ ባለ ከዘራ ሽማግሌ እንኳ ገብሳቸውን ይዘው ጠዋት መጥተው «ከሰዓት!» ሲባሉ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ካርቶኑን ቅዳሴም ይዘውት ይሄዳሉ ይባላል፤ እኔ አላየሁም፤ ታናሻችን ብዙአየሁ ግን አየሁ ይላል። በሁለት ሳምንት ጥበቃው ወደ ሃምሳ ደቂቃ ወረደ።

ሥራችንን ቆመን የምናቀርብበት ቀን ደረሰ። በዋዜማው ለእትዬ በለጥሻቸው «ነገ ሦስት ሰዎች ፊት ቆሜ ስለ ወፍጮው እጠየቃለሁ፤ ካላመኑኝ እባረራለሁ» ብዬ ነገርኳቸው። «ሦስት ሰው ፊት?» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ያኔ መፍራት ነበረብኝ።

በማግስቱ አቀረብኩ። መምህር ሁዜይፋ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ባለመነጽር ፈታኝ ግን ወረቀቴን ገፋ አድርገው «ይህ ቁጥር የፈጠራ ነው። የእኔ ቤት እህል ሲፈጭ ግማሽ ቀን ነው። ሃምሳ ደቂቃ የሚባል ወፍጮ በዚህ አገር የለም» አሉ። ቁጥር ፈጥረሻል ከተባልኩ ዜሮ ነው። መዝገቤን ገልጬ የከረጢቶቹን ሰዓት አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ፤ አልሰሙኝም። ቀኑን ጻፍልኝ፤ ሰኔ ሃያ አራት።

ያኔ በሩ ተከፈተ። ሐጂ አብዱራህማን በነጭ ጥምጣም፣ እትዬ በለጥሻቸው በነጠላና በካርቶን ሆነው ገቡ። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ሲጠይቃቸው እትዬ በለጥሻቸው «ፊቴ ነው» ብለው አልፈዋል። ለካ ሦስት ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው የሚቆምበት እሳቸው የሚያውቁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ችሎት! ተከስሳለች ብለው ሐጂን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሰው ይዘዋቸው መጥተዋል። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አሰላሙ አለይኩም። ለልጅቱ ዋስ ነኝ፤ ብትጠፋ እኔን ያዙ» አሉ። እትዬ በለጥሻቸውም ተከትለው «እኔ ደግሞ ሁለተኛ ዋስ፣ ምስክርም ነኝ፤ አስምሉኝ» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ባለመነጽሩ ግን አልሳቁም፤ «እንግዲያው ይመስክሩ፤ ዱቄት እስኪያገኙ ስንት ሰዓት ይጠብቃሉ?» አሏቸው። እትዬ በለጥሻቸው ምን ቢመልሱ ጥሩ ነው? «ሰዓት የለኝም። በፊት ድስቴን ከጣድኩ ወፍጮ ቤት አልሄድም ነበር፤ ስመለስ አርሮ ነው የማገኘው። አሁን ሽሮዬን ጥጄ፣ ለጎረቤት አደራ ሳልል ሄጄ፣ አስፈጭቼ ስመለስ ገና እየተንተከተከ ይጠብቀኛል።» ባለመነጽሩ ብዕራቸውን አንሥተው ጻፉት! እኔ ሠላሳ ገጽ አዘጋጅቼ ያላሳመንኳቸው ሰውዬ በአንድ ድስት ሽሮ አመኑ።

እዚያ ላይ ቢያበቁ ምን ነበረበት? ሴትዮዋ እውነት ሲጀምሩ ግማሽ አያውቁም። «ከዚህ በፊትማ ይህችው ልጅ የማርያምን ዳቦ በርበሬ አድርጋው፣ ቄሱን አስለቅሳ...» ብለው ከሥር ከመሠረቱ ዘረገፉት። እኔ ያንን ከሠላሳው ገጽ አንድም መስመር አልጻፍኩትም ነበር። መምህር ሁዜይፋ ዞር ብለው «ይህ ለምን የለም?» አሉኝ። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። «ጥፋቴ ስለሆነ ነው መምህር፤ ካወቃችሁት የምትጥሉኝ መስሎኝ» አልኩ። ባለመነጽሩ መነጽራቸውን አውልቀው የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ፣ በርበሬ ሳይነካቸው፣ «ልጄ፣ የጥናትሽ መነሻ እኮ እሱ ነው። ከፊት ገጽ አስገቢውና ለነገ አምጪው» አሉ።

ሁለቱ ዋሶቼ ግን ፍርዱ ሳይነበብ አንወጣም አሉ። ምን ይደረግ? ባለመነጽሩ ተነሥተው ቆመው «አልፋለች» አሉ። እትዬ በለጥሻቸው እልልታቸውን ሲያቀልጡት ከጎናችን ፈተና ላይ የነበረው ክፍል ተማሪ ሁሉ ምን ተፈጠረ ብሎ በመስኮት አንገቱን አወጣ። ሐጂ እስከ ዛሬ ድረስ ለገበያተኛው «ሐረግ በነፃ ተለቀቀች» እያሉ ያወራሉ። ውጤቱ ሐምሌ ሁለት ተለጠፈ። ስታቲስቲክስ ቢ! ሌሎቹም ተደምረው ማስጠንቀቂያው ተነሣልኝ። ደብተሩም ወፍጮውም የኔ ናቸው፤ ሐጂም ዛፉን ሃያ ላይ አቁመውታል።

ያን እሑድ ቤት ሄጄ ሁሉንም ለአባባ ነገርኳቸው፤ የደበቅሁትን ማስጠንቀቂያ ጭምር። ድጓቸውን አጥፈው ተነሡ። ሊገርፉኝ ነው ስል ወደ ማጀት አጮልቀው እማማ አለመስማቷን አረጋገጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ከዜማ ቤት ሁለት ጊዜ መባረራቸውን ነገሩኝ። አንዱ ድምፅህ የተሰነጠቀ ደወል ነው ተብለው፣ ሁለተኛው የመምህራቸውን በቅሎ ሳያስፈቅዱ ሲጋልቡ ተይዘው። ሦስተኛ ጊዜ ተመልሰው ነው መሪጌታ የሆኑት። «ይህን ለወንድማገኘሁ ትንፍሽ እንዳትይ» ብለው መስቀል አስጨብጠው አስማሉኝ። እኔም መሐላዬን ጠብቄያለሁ፤ ትንፍሽ አላልኩም፤ ጻፍኩት እንጂ። የኔታ ሂድ ብለው ያባረሩህ ቀን የአባባን ታሪክ አስታውስ።

አባባ በርታ፣ እግዚአብሔር ምሥጢሩን ይግለጥልህ ብለውሃል። እማማ በሶውን ሳትበላ ለሰው እንዳታድል፣ ቢያንስ ግማሹን ብላ ብላለች። ብዙአየሁ ስድስተኛ ክፍል አልፏል፤ የጥርሱን መውለቅ ንገሪው ስላለኝ ይኸው ነገርኩህ። ሐጂ አላህ ያግዝህ፣ ስትመጣ በነፃ እፈጭልሃለሁ ይሉሃል። እትዬ በለጥሻቸው ደግሞ ስንዴ ከሆነ ጠዋት ና ብለዋል። የኔታን ጉልበታቸውን በእኔ ስም ሳምልኝ፤ የጎጆ ባልንጀሮችህንም አንድ በአንድ ሰላም በልልኝ። ዋለ፣ አንተም ሰላም ሁን፤ አሁን እጠፈው።

እህትህ ሐረግ ሞላ
መካነ ሰላም፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.