የአገሬ ካክ

ፍሩዛን ጃን፣ የአባትሽ ዓይን፣ ፈጣሪ አንቺንም ልጅሽን ሮጂንንም ከክፉ ይጋርዳችሁ። እኔ ሰማንያ አንድ ሞላኝ። ምንጣፌን ራሴ አራግፋለሁ፤ ይህንንም ወረቀት ማንም አልጻፈልኝም፣ ፊደሉ ቢንጋደድም የእኔው ነው።

ሮጂን ሰው ስለሳቀባት ኢንተርኔት ላይ የለቀቀችውን ዘፈኗን ልታጠፋው ነው አሉኝ። እውነት ነው፣ ቶሮንቶ ተወልዳ “ኻ” ማለት አልሆነላትም። “የአገሬ ኻክ”፣ የአገሬ አፈር ብላ ልትዘፍን “የአገሬ ካክ” ብላ ለከርማንሻህ ጣፋጭ ቂጣ ዘፍናለች።

በአዲስ ዓመታችን በኖሩዝ አሥራ ሦስተኛው ቀን አገሩ ሁሉ ሜዳ ሲወጣ እኛም ወንዝ ዳር አነጠፍን። ጎረቤታችን ቦርዙ ዘፈኑን በስልኩ ከፈተና፣ “አጎቴ ከረም፣ የልጅ ልጅህ እኮ ርቧት ነው የምትዘፍነው!” አለኝ።

“አንተ ጠግበህም እንዲህ መዝፈን አይሆንልህም!” አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ ከጎናችን ምንጣፍ አንዲት የማላውቃት ባልቴት ድምፅዋን ለቃ ተቀበለቻት። “የአገሬ ካክ” አለች፣ ሳታርም፣ ልክ እንደ ልጅቷ። ሴቶቹ ተከተሏት፤ ወንዶቹም ተከተሉ። ሜዳው በሙሉ አፈሩን ካክ እያለ ሲዘፍን፣ ልጄ፣ እኔም ተነሥቼ ተቀበልኩ። አገሯን ረግጣ የማታውቅ ልጅ ይህን ሁሉ ሰው ከተቀመጠበት ታስነሳለች? ያ ፌዘኛ ቦርዙ እንኳ ፊቱን አዙሮ እንባውን ጠረገ።

እንግዲህ ዘፈኑን አታጥፉት፣ አታርሙትም፤ አደራ። ፈጣሪ ጉሮሮዋን ይባርክ። ያቺን ባልቴት ፈልጎ ማመስገኑ የእኔ ዕዳ ነው። ቦርዙን ለሻይ ጠርቶ መታረቁም የእኔ ነው። እናትሽ መቃብር ሄዶ ይህን ሁሉ መንገሩም የእኔ ነው፤ በእግሬ እሄዳለሁ።