ስለ ፀጉርሽና ስለ ውኃው

ሪትሪት፣ ኬፕ ታውን
ማክሰኞ፣ ማርች 12 ቀን 2019

ውድ ኡና፣

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ የልጅ ልጅሽ ቴጋን ናት። ፖስታውን አሽጌዋለሁ። በቀኝ ዓይንሽ ማንበብ እንደምትችዪ ስለነገረችኝ ፊደሉን አተልቄ፣ በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ቦታ ትቼ ጽፌልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ከደከመሽ አረፍ በዪ፤ ቦታው እንዳይጠፋብሽ ገጾቹን ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ሰባ ሰባት ዓመት ሞላኝ። እናታችንን እግሯን ያሳጣት ስኳር እኔንም ከያዘኝ ሃያ አንድ ዓመት ሆነው። ያኔ ሐኪሙ ወረቀቴን አይቶ፣ በየቀኑ ካልተንቀሳቀስኩ ከእናቴ የተለየ ዕጣ እንዳልጠብቅ በግልጽ ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ስድስት ቀን አርባ አርባ ደቂቃ እራመዳለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በባቡር እሄድና ሴንት ጄምስ ባሕሩ ዳር ባለው ገንዳ ሃያ ምልልስ እዋኛለሁ። አዎ፣ እዚያው ገንዳ። አሁን ማንም ይገባበታል።

ፀጉሬን የምሠራው እንደ ድሮአችን ነው። ቅዳሜ አጥበዋለሁ፤ በትልልቁ ቢጎዲን እጠቀልለውና በረንዳ ላይ ተቀምጬ አደርቀዋለሁ። ከዚያ ዙሪያውን በራሴ ላይ ጠምጥሜ ስቶኪንግ አጠልቅበታለሁ፤ አንድ ቀን ወደ ቀኝ፣ በማግሥቱ ወደ ግራ። ስዋኝ በስቶኪንጉ ላይ ሁለት የዋና ኮፍያ እደርብና ጠርዙን ቫዝሊን እቀባዋለሁ። ስወጣም ወዲያው አላወልቅም። ላቡ ሳይደርቅ ማበጠሪያ ያነሳች ሴት የሳምንት ድካሟን በአንድ ደቂቃ ታጠፋለች፤ ይህን መጀመሪያ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አብራኝ የምትራመደው ጎረቤቴ ቤሪል ፎርቱይን ይህን ሁሉ እያየች ታሾፍብኛለች። «አንቺ ሜርል፣ አንድ ቀን ማዕበል ይወስድሽና ሬሳሽ ሲገኝ ከመላው ሰውነትሽ ደህና የተረፈው ፀጉርሽ ብቻ ይሆናል» ትለኛለች። በዚህ ዕድሜዬ ለማን ብዬ እንደምደክም ስትጠይቀኝም ልማድ ነው እላታለሁ።

አሁን ስለ ቴጋን ልጻፍልሽ።

ባለፈው ሐሙስ ከእግር ጉዞ ተመልሼ ስቶኪንጉን ከራሴ ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት ወጣት ሻንጣ አዝላ ቆማለች። ከመልኳ በፊት ያየሁት ፀጉሯን ነው፤ ወደ ላይ ሰብስባ በጨርቅ አስራዋለች፣ እሱ ግን በየጎኑ አምልጦ ተጠቅልሏል። አንቺ ልጅ ሳለሽ ትዋኚበት እንደነበር በነገርሻት በካልክ ቤይ ወደብ ሜርል የምትባል ሴት ስትጠይቅ፣ ዓሣ አጥማጆቹ «እንደ ድሮ የፊልም ተዋናይ ተበጥራ የምትዋኘዋን አስተማሪ ነው የምትፈልጊው» ብለው ወደ እኔ ልከዋታል። ውኃ እንኳ ሳትጠጣ ጉዳይዋን ተናገረች። እንዳለችው አያቷን ኅዳር ላይ ስትሮክ መትቷታል፤ ግራ እግሯ አይታዘዝም። ሐኪሞቹ ሰውነቷን ሞቅ ባለ ገንዳ ውስጥ ማንቀሳቀስ እንዳለባት፣ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ካልጀመረች ግን ዳግመኛ ቆማ እንደማትሄድ ተናግረዋል። አያቷ ደግሞ ገንዳው ጋ ስትደርስ ብረቱን በደህናው እጇ ጨምድዳ ትይዛለች። ኮፍያ ቢያደርጉላት ነቅላ ትጥለዋለች።

«ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው» አለችኝ ቴጋን። «‹ፀጉሬን ሜርል ሳትሠራው አልገባም› ትላለች። አባቴም ሜርል ማን እንደሆነች አያውቅም። ፀጉር ሠሪዋ እርስዎ ነበሩ?»

ኡና፣ በሩ ላይ ቆሜ ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ «አዎ፣ ፀጉሯን እኔ ነበርኩ የምሠራላት» አልኳት። ውሸት አይደለም።

አስገብቼ ሻይና የዝንጅብል ብስኩት አቀረብኩላት። ብስኩቱን በሻይ እየነከረች እንደ አባታችን ትበላዋለች። አሠራሩን እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ ለተንከባካቢዎችሽ ለማሳየት በስልኳ ልትቀርጸው ነው። ሞዴል ስላልነበረን የራሷን ፀጉር ፈትታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። እኔ በማበጠሪያው ጫፍ ከፈልኩት። የእናታችን ፀጉር ነው፤ ጀርባው ላይ ጠንከር ብሎ ግንባሩ ጋ የሚሳሳው። ስልኩ እየቀረጸ ስለነበር ድምፄን እንደ ክፍል ውስጥ አድርጌ ማብራራቴን ቀጠልኩ። ሁለት ጊዜ ግን ምጣድ ጥጄ ረስቻለሁ ብዬ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ምንም የተጣደ ነገር አልነበረም።

ቤተሰቧ ውስጥ እንዲህ ያለ ፀጉር ያለው ሌላ ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። አባቷ ምናልባት ከፖርቱጋል የመጣች ቅድመ አያት ነበረችን ይላታል። ልጅ ሆና ትምህርት ቤት ሲስቁባት አንቺ ብቻ አትስቂም ነበር አሉ፤ በየማለዳው ቁጭ አድርገሽ አጥብቀሽ፣ ራሷን እስኪያማት ትጎነጉኚላት ነበር። «ለምን እንደዚያ እንደምትፈራው አልገባኝም» አለችኝ። «እርስዎ ያውቃሉ?» ብላ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የራሷን ጉዳይ አያትሽ ብትነግርሽ ይሻላል ብዬ ቢጎዲን አቀብዪኝ አልኳት።

ከእኔ የበለጠ የሚያውቅማ ማን አለ? የአንቺ መልክ ምንም አልነበረበትም፤ ችግሩ ፀጉርሽ ነበር። ነጭ ተብለሽ ካልተመዘገብሽ ነጩን ክላይቭን ማግባት ወንጀል ነበር። ለምዝገባው ቢሮ የቀረብሽበት ያ ሰኞ የካቲት ውስጥ ነው፤ አንቺ ሃያ አምስት፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመታችን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጀምሬ ሰኞ ጠዋት ጨረስኩት። እያንዳንዱን ቢጎዲን በማበጠሪያ ለክቼ ነው የጠቀለልኩት። በእግርሽ ቶሎ ቶሎ እንዳትሄጂ፣ በጥላው በኩል እንድታልፊ፣ ትኩስ ነገር እንዳትጠጪ አዘዝኩሽ። አንቺም ከወደቡ ግንብ እስከ ውጪው አለት ሳታርፊ የምትዋኚው ልጅ፣ የዚያን ቀን ላብ እንዳይነካሽ ፈርተሽ እንደ አሮጊት በዝግታ ተራመድሽ። የቢሮው ጸሐፊ ዘርሽን ሊፈትን እርሳሱን ፀጉርሽ ውስጥ ሲያስገባው ሳይያዝ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ነጭ ተባልሽ።

ይህን ጣቢያው ላይ በሹክሹክታ ነገርሽኝ። ደስ ብሎሽ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥለሽ ክንዴን ይዘሽ «ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ላይ ብታዪኝ አታውቂኝም፣ ሜርል። ለማንም አትናገሪም። ማዪልኝ» አልሽኝ። ማልኩልሽ። ከዚያ አንቺ የነጮች ወደሆነው ፊተኛው ፉርጎ፣ እኔ ወደ ኋለኛው ገባን።

ሃምሳ አምስት ዓመት አስተማሪ ሆኜም ጡረታ ወጥቼም ያሰብኩት አንድ ነገር አለ። አንዱን ቢጎዲን ላላ አድርጌው ቢሆን ኖሮ፣ ከጆሮሽ በስተጀርባ አንዱን ብቻ፣ እርሳሱ ይያዝ ነበር። አንቺም ማታ እያለቀስሽ ወደ ቤት ትመጪ ነበር። እኔ ግን የጀመርኩትን ሥራ አበላሽቼ አላውቅም።

አንዴ አይቼሻለሁ። አንቺ አላየሽኝም። በ1969 አርባ ተማሪዎቼን ይዤ በባቡር ወደ ሳይመንስ ታውን ስሄድ ነው። ባቡሩ ሴንት ጄምስ ገንዳው አጠገብ ዝግ አለ። ያኔ ገንዳው የነጮች ብቻ ነበር። አንቺ አበባ ያለበት ኮፍያ አድርገሽ ጠርዙ ላይ ተቀምጠሻል፤ ውኃው ውስጥ ያለው እግርሽ ብቻ ነው። ትንሹ ልጅሽ ራስል፣ የቴጋን አባት፣ ሊጫወት ውኃ ሲረጭብሽ ራስሽን በሁለት እጅሽ ሸፍነሽ ወደ ኋላ ሸሸሽ። እሱ ደንግጦ አለቀሰ። ተማሪዎቹ ምን እንዳየሁ ጠየቁኝ። ምንም አልኳቸውና የባቡር ጣቢያዎቹን ስም በተራ እንዲጠሩልኝ አደረግሁ።

እናታችን በ1983 ከማረፏ በፊት በየሳምንቱ ስላንቺ ትጠይቅ ነበር። ወደ አውስትራሊያ መሄዳችሁን ሰምቼ ስለነበር፣ ከአውስትራሊያ ጽፋለች እያልኩ ባዶ ወረቀት ዘርግቼ አነብላት ነበር። ዓይኗ አያይም ነበር፤ ታምነኝ እንደነበር ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ጊዜ «እስቲ የመጨረሻውን ድገሚልኝ» ስትለኝ፣ ያልኩትን ስለረሳሁት ሌላ ፈጠርኩ። እሷ እጄን ዳሰሰችው። ይህን የምጽፍልሽ ላሳዝንሽ ብዬ አይደለም፤ የሆነውን ልታውቂው ስለሚገባ ነው።

ቴጋን ሐሙስ ጠዋት ወደ አንቺ ትበራለች። ነገ ረቡዕ ስለሆነ አብራኝ ልትዋኝ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጣቢያው ጋ ልንገናኝ ተቀጣጥረናል። እሷ ኮፍያ የላትም፣ አትፈልግምም፤ ራሷን ዘፍቃ ወጥታ እንደ ውሻ ታራግፈዋለች አሉ።

ዛሬ ፀጉሬን ጠምጥሜ ማደር ነበረብኝ። አላደርገውም። ነገ ኮፍያዎቹን ቤት ትቻቸው እሄዳለሁ። ከእናታችንና ከአንቺ በቀር ፀጉሬን እርጥብ ሆኖ ያየ ሰው የለም፤ ቤሪልም እንኳ። ጠልቄ እወጣና አጠገቧ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ። ሲደርቅ እየተጠቀለለ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከሽበቱ በቀር ከእሷ ፀጉር የሚለይበት ነገር አይኖርም። ግንባራችንም አንድ ነው። ብልህ ልጅ ናት። ታየዋለች።

የማልኩልሽ ላልናገር ነው። እስከዛሬ አልተናገርኩም፣ ነገም ቃል አይወጣኝም። ከጠየቀችኝ አያትሽን ጠይቂ እላታለሁ። ስለ ፀጉሬ ግን አላስማልሽኝም። ይህን ስታነቢ ነገሩ ያለቀ ስለሆነ ፈቃድሽን አልጠየቅሁም። ይቅርታም አልልሽም፤ ብል ከልቤ አይሆንም። አጥብቀሽ የጎነጎንሽላት ልጅ በራሷ ላይ የበቀለው ፀጉር ከማን እንደመጣ ማወቅ አለባት። ስትጠይቅሽ ፖርቱጋል አትበያት።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ለቴጋን ያሳየኋት አሠራር ትክክል ነው፤ ተንከባካቢዎችሽም ከተጠነቀቁ ይሠሩታል። አንቺ ግን አታሠሪው። ሦስት ሰዓት ፈጅተው ይጠቀልሉልሽና ውኃው ውስጥ ሆነሽ የምታስቢው ስለ ፀጉርሽ ይሆናል፤ እግርሽን አታንቀሳቅሺም። አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ሁለት ትምህርት አይማርም። እንዲሁ ግቢ። የመጀመሪያው ቀን እስከ ወገብሽ ይበቃል። በሁለተኛው እስከ ትከሻሽ። በሦስተኛው ራስሽን ዝቅ አድርጊው፤ ውኃው ጆሮሽን ሲሞላው ትደነግጫለሽ፣ ግን ለአንድ አፍታ ነው፤ ከዚያ ሰውነትሽ ራሱ ያስታውሳል። የወደቡን ግንብ የተሻገርሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ግንቡ ላይ ተቀምጬ ልብስሽን ነበር የምጠብቀው።

በሚያዝያ መጨረሻ ስንት እርምጃ እንደሄድሽ ቴጋን ትጻፍልኝ። ደምራ ሳይሆን በየቀኑ ለይታ፤ ሁለት ቢሆንም ሁለት ብላ። ካልሄድሽም ይጻፍልኝ።

ውኃው ይሙቅልሽ። ጉልበትሽን የሚደግፍ ደግ እጅ አይጥፋብሽ። ልጅሽና የልጅ ልጅሽ አጠገብሽ ይሁኑ፤ አንቺም ሳትፈሪያቸው አጠገባቸው ሁኚ።

እህትሽ
ሜርል አረንድሰ