ግርግር የሌላት መኪና

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2010

ዛሬም ባትሪው ሳይሞላ መብራት ሄደ። ረምዚ ቻርጀሩን ነቀለ፣ ሰካ፣ ደግሞ ነቀለ፤ መጨረሻ ላይ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። እኔ ወለሉ ላይ የዘረጋነው ካርቶን ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጉንጬ ላይ ግሪስ እንዳለ ማንም አልነገረኝም። እንደዚያው ሆኜ በባጃጅ ወደ ቤት ሄድኩ።

ጎማ የሚጠግነው ጎረቤታችን በየቀኑ አንድ ቀልድ አያጣም። የዛሬው፦ «እናንተ ልጆች፣ በመብራት የምትሄድ መኪና እንሠራለን ትላላችሁ፤ እዚህ የሚሄደው መብራቱ ነው፤ መኪናችሁማ ቆማለች!» ሳቅን። ስለደከመን ይሁን ስለሚያስቅ አላውቅም፣ ብዙ ሳቅን።

ያለነው ሐረር፣ ፈላና በር ነው። ኮሌጃችን መኪናዋን የምንሠራበትን ወርክሾፕ ለሌላ ሥራ ሲፈልገው የረምዚ አጎት ከእህል መጋዘናቸው አንዱን ክፍል ለቀቁልን። ሲጀመር ክፍሉ አይበቃንም ነበር። ፈተና ሲቃረብ ሰዉ አንድ በአንድ እየተንጠባጠበ ቀረና አሁን ሦስት ነን፦ ረምዚ የቡድን መሪ፣ ጫላ የብረቱን ሥራ የሚሠራ፣ እኔ ደግሞ የኤሌክትሪኩን። ሹፌሯም እኔ ነኝ። ሹፌር የሆንኩት ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስል፤ ከሁሉም ቀላል ስለሆንኩ ነው። ውድድር ያለው ሰው ክብደት ይፈራል፤ ረምዚ ግን ከፍርሃትም አልፎ በሽታ ሆኖበታል። ብረቱን ሲቆርጡ ቁመቴን፣ ትከሻዬን፣ ጉልበቴን ለክተው በኔ ልክ ቆረጡት። «ቲጂ፣ አንቺ ከወፈርሽ ቡድኑ ፈረሰ» ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ክላክሱን ነቅሎ በመዳፉ ሲመዝነው አየሁት። «ይሄ ምን ያደርግልናል? መወዳደሪያው ሜዳ ላይ አህያ የለ» አለና ጥግ ላይ ጣለው። እኔም ጫላም እሺ አልን። መስመሩን ራሴ ነኝ የነቀልኩት።

ውድድሩ አዳማ ነው፤ ተማሪዎች የሠሯቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ብቻ ናቸው የሚወዳደሩት። የሚጭነን አይሱዙ እሑድ ጠዋት ይመጣል። የቀረን፦

ባትሪ (መብራት ከመጣ)
ፍሬን ማጥበቅ
መንገድ ላይ መሞከር፤ እስካሁን ከግቢ ወጥታ አታውቅም
የኔ ቱታ፤ መኪና ግርግር (የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ)፣ ሰፊው ዘንድ ነው
እንቅልፍ

ቤት ስገባ እማዬ ደብተር እያረመች ነበር። ከኋላዋ ስታየኝ ደንግጣ እስክሪብቶዋን ጣለችው። «አንቺ ልጅ! ስትገቢ ድምፅሽን አሰሚ አላልኩሽም? እንደ ጅብ ኮቴሽ እንኳ አይሰማ!» እማዬ አስተማሪ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ ሐረር የመጣችው እኔ ሳልወለድ ነው። ሁሉን ነገር ለምዳለች፣ ማታ ማታ ከተማ የሚገባውን ጅብ ብቻ እምቢ አለች።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 10

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሌሊቱን መብራት አድሮ ባትሪው ሞልቶ አገኘነው። የረምዚ አጎት በፒካፓቸው ጭነው ወደ ድሬ ጠያራ የሚወስደው መንገድ ላይ አወረዱን። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ መኪናም አይበዛበትም። ረምዚ «ቀስ ብለሽ» አለ። ጫላ ቢስሚላህ ብሎ ገፋ አደረጋት።

ሄደች! ስንት ወር ተንበርክከን፣ ተጣልተን፣ ተኮራርፈን የሠራናት መኪና ሄደች። ድምፅ የሚባል የላትም። የምሰማው ሄልሜቱ ውስጥ የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነበር። የጫቱ ማሳ በግራ በቀኝ ወደ ኋላ ይሸሻል። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ቀስ በይ የተባልኩትን ረሳሁት።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ። አህያቸውን አስቀድመው በመንገዱ መሐል ይሄዳሉ፤ ጀርባቸው ወደ እኔ ነው። መኪና ሲመጣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ዳር ይይዛሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልያዙም። ምን ሰምተው ይያዙ? አውራ ጣቴ የክላክሱን ቦታ ዳበሰ፤ ባዶ ነው። ጮህኩ፤ ጩኸቴ ሄልሜቱ ውስጥ ቀረ። አህያዋ ዘለለች። እሳቸው ዞር ሲሉ ፊታቸውን አየሁት፤ መሪውን በሙሉ ኃይሌ ወደ ግራ ጠመዘዝኩ።

ቦዩ ውስጥ ገባሁ። እኔ ምንም አልሆንኩም። እሳቸውንም አልነካኋቸውም፤ ግን ሲሸሹ ወድቀው በእጃቸው መሬቱን ተደግፈዋል። ረምዚና ጫላ እየሮጡ ሲደርሱ ሽማግሌው የግራ አንጓቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም።

«ወላሂ፣ ጅኒ መስላኝ ነበር» አሉ። «ሰው ሲመጣ ይሰማል። አውሬም ይሰማል። እንዲህ እየበረረ መጥቶ ድምፅ የሌለው ጅኒ ነው።»

ኦቦ ሙሜ ይባላሉ፤ የድሬ ጠያራ ገበሬ ናቸው። ጤና ጣቢያ እንውሰድዎት ብንል ወጌሻ አለኝ አሉ። በፒካፑ ቤታቸው አደረስናቸው። የሸሸችውን አህያ ጫላ ፈልጎ አመጣት።

የፊት ግራ ጎማ የሚይዘው ብረት ተጣሟል። ረምዚ እሱን ሲለካ አመሸ። እኔ የማስበው ፊታቸውን ነው። ክንድ የሚያህል ርቀት ነበር የቀረው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 11

ጠዋት አልነዳም አልኳቸው።

«አቦ ቲጂ፣ ተይ እንጂ» አለ ረምዚ። እንደማልቀልድ ሲያውቅ ወደ ጫላ ዞረ። ጫላ ምሰሶ የሚያክል ሰው ነው። መግባቱንስ ገባ፤ ጉልበቱ መሪው ሥር ተሰንቅሮ ሁለታችን ብብቱን ይዘን ጎትተን ነው ያወጣነው። ረምዚ ደግሞ ትከሻው አላለፈም። ጎማ ጠጋኙ በር ላይ ቆሞ ይስቃል፤ «ይቺማ ተሰፍታ ነው እንጂ ተበይዳ አይደለም!»

እውነቱን ነው። በኔ ልክ የተሰፋች ናት። እኔ ካልነዳሁ ውድድር የለም፤ የዓመቱ ልፋት መጋዘን ውስጥ ይቀራል። ሁለቱም ይህን አላሉኝም። ጫላ የተጣመመውን ብረት ይፈታ ጀመር።

ከሰዓት ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘን ድሬ ጠያራ ወረድን። የረምዚ አጎት «ሽማግሌ ሳይዙ ይቅርታ አይጠየቅም» ብለው አብረውን መጡ። ኦቦ ሙሜ አንጓቸው በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ታስሮ፣ ከሁለት የአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ዱዓ ተደረገ። አጎትየው ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ኦቦ ሙሜ ግን ቃላቸው አጭር ነው።

«ካሳ አልፈልግም። እጄ ኢንሻአላህ ይድናል። ግን ይቺ መኪና ድምፅ ሳይኖራት በዚህ መንገድ እንዳታልፍ። እዚህ የሚሄደው ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ተሸክሞ ማን ወደ ኋላ ዘወር ብሎ ያያል?»

ሽማግሌዎቹ ልክ ነው፣ ልክ ነው አሉ። ከዚያ ኦቦ ሙሜ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ የነዳሻት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ፣ አላህም ይበልሽ። አሁን ፈራሽ?»

«አዎ።»

«እኔም። ዛሬ ጠዋት ወደ ማሳዬ ስሄድ ዘወር እያልኩ ነው የሄድኩት።» ቀጥለውም «ድምፅ ስጧትና ቅዳሜ ይዘሻት ነይ። ሁለታችንም እንሞክረዋለን» አሉ።

በፒካፑ ስንመለስ አለቀስኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሄዱበት መንገድ ዘወር እያሉ እንዲሄዱ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ረምዚ መሐረብ አልነበረውም፤ ግሪስ መጥረጊያውን ሰጠኝ።

አርብ፣ ሚያዝያ 12

ጫላ ብረቱን አቃንቶ በየደው። ጎበዝ። መብራት ሊሄድ ጥቂት ሲቀረው ጨረሰ።

ድምፁ ላይ ግን ተጣላን። የጣልነውን ክላክስ ቆራሌው ወስዶታል። አዲስ እንግዛ አለ ጫላ። እኔ መስመሩን እንደገና ለመዘርጋት ግማሿን መፍታት እንዳለብኝ፣ ለእሱ ደግሞ ጊዜ እንደሌለን ነገርኳቸው። ረምዚ ክብደት አለ፤ ሌላ ምን ይላል! «እንዲያውም ለምን በዚያ መንገድ እናልፋለን? ጭነን አዳማ እንውሰዳት፣ አለቀ» አለ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ዛሬ ግን ስሜን አላከበርኩትም። «አንተ ሂድበት፣ አንተ ንዳት!» ብዬ ጮህኩበት። ተኮራርፈን እነሱ ለጁምዓ ሶላት ሄዱ፣ እኔ ቱታዬን ላመጣ መኪና ግርግር።

የልብስ ሰፊው ሱቅ ጋ ደርሼ አልፌው ሄድኩ! ስንት ጊዜ የመጣሁበትን ሱቅ። የመንገዱ ጫፍ ደርሼ ተመለስኩ፣ አሁንም አጣሁት። ምን ነካኝ አልኩ። ቆየት ብሎ ገባኝ፦ ጸጥ ብሏል። ሰፊዎቹ ሶላት ላይ ናቸው፤ የስፌት መኪኖቹ ጨርቅ ለብሰው ቆመዋል። ለካ መንገዱን የማውቀው በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አንድ በአንድ ተመለሱ፤ አንዱ መኪና ግርርር አለ፣ ሌላው ተከተለ፣ ከዚያ መንገዱ ሁሉ። የኔ ሰፊ ጋሽ ኢብራሂም ሱቁ ጠፍቶብኝ እንደነበር ስነግራቸው ሳቁ። «ታዲያ! ካልጮኽን ማን ያገኘናል? ሰፈሩ ስሙ ራሱ መኪና ግርግር አይደል?»

ቱታዬን ሲያጥፉልኝ ጠረጴዛቸው ላይ ኮሌታ ውስጥ የሚያስገቧት ደረቅ ፕላስቲክ ቁርጥራጭ ተከምራ አየሁ። አንዷን አንስቼ በጥፍሬ መታኋት። ጠርርር።

«ጋሽ ኢብራሂም፣ ከዚህ ትንሽ ይሰጡኛል?»

«ለኮሌታ ነው ለእጅጌ?»

«ለጎማ።»

«ሱብሓንአላህ» አሉና እፍኝ ሙሉ ሰጡኝ።

የፊት ጎማዎቻችን የሞተር ሳይክል ናቸው፣ ከመሐላቸው ወደ ጠርዙ የተዘረጉ የብረት ጨረሮች አላቸው። ፕላስቲኩን ጎማውን በያዘው ብረት ላይ በሽቦ አስሬ ጫፉ ጨረሮቹን እንዲነካ አደረግሁት። ጎማውን ስናሽከረክረው መጋዘኑ በሙሉ መኪና ግርግር ሆነ። ጫላ በሳቅ ወደቀ። ረምዚ አንዷን ፕላስቲክ ሚዛን ላይ አስቀመጣት፤ ሚዛኑ ፍንክች አላለም። ፈልጎ ያገኘው ተቃውሞ «ውድድሩ ላይ ግን ይነቀላል» የሚል ነበር።

«አይነቀልም። እኔ የምነዳት ይሄ ካለባት ብቻ ነው» አልኩት።

ረምዚ ጎንበስ ብሎ ሽቦውን አጠበቀው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 13

ባትሪው ግማሽ ነው። እንዳለ ይዘናት ሄድን።

ሄልሜቱን አደረግሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ መውረድ ፈልጌ ነበር። ጫላ ገፋት። ግር፣ ግር፣ ግርርርር። ፍጥነት ስጨምር እሷም ትጨምራለች። የጫቱ ማሳ ውስጥ ያሉ ሴቶች ቀና ቀና አሉ።

ኦቦ ሙሜ እዚያው ቦታ፣ በመንገዱ መሐል፣ ከአህያቸው ጋር ይሄዳሉ። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። የታሰረ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር፤ ልክ የዚያን ቀን እሳቸውን ካየሁበት ቦታ ደረስኩ። በጣም ሩቅ ነበርኩ ገና። አህያዋን በዱላቸው ነካ አደረጓት፣ ዳር ያዙ። አልቸኮሉም። ዘወርም አላሉም። ሳልፋቸው ደህናውን እጃቸውን ብቻ ወደ ላይ አነሱ።

እስከ መንገዱ መጨረሻ እያለቀስኩ ነዳሁ፤ በሄልሜት ውስጥ እንባ እንደማይጠረግ ያወቅሁት ዛሬ ነው።

ስንመለስ ከተማው አፋፍ ላይ ባትሪው አለቀ። ፒካፑ ሌላ ጭነት ይዞ ሄዷል። ገፋን። ረምዚ ከግራ፣ ጫላ ከኋላ፣ እኔ መሪው ላይ። ሸዋ በር ስንደርስ ገበያው ጢም ብሏል፤ ሚኒባስ፣ ጋሪ፣ ሽንኩርት፣ ሰው። ክላክስ የለን፣ ጉልበት የለን። ግርግሩ ግን አለ። ሰው ሳያየን እየሰማ መንገድ ከፈተልን። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ምንድን ነው እሱ?» ብላ ጠየቀች። ጫላ እያለከለከ «የእሽቅድምድም መኪና» አላት። «ማሻአላህ፣ ፍጥነቱ!» አለች።

እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም። ቤት ስደርስ ከአጥሩ በር ላይ ቆሜ «እማዬ! መጣሁ!» ብዬ ተጣራሁ። «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ብላ ወጣች። ምንም አልሆንኩም አልኳት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 14

አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ነኝ። ቁልቢን አለፍን፤ ጽሑፌ የሚንቀጠቀጠው በመንገዱ ምክንያት ነው።

ሌሊቱን መብራት አልነበረም። ባትሪው ባዶ ነው። አዳማ መብራት ካለ እንሞላዋለን፤ ከሌለ እንጃ። ብዙ ቡድን ይመጣል ይላሉ፤ ያሸንፉናል ብዬ እገምታለሁ። ፍርሃቱ ግን ለቆኛል።

ጫላ ሹፌሩን እያጫወተ ነው። ረምዚ በኔና በጫላ መሐል ተጣጥፎ አንቀላፍቷል። መኪናዋ ኋላ በገመድ ታስራለች፤ ጉድጓድ ስንገባ ጎማዋ ይላወስና ከሸራው ሥር ግር ትላለች። አሁንም ግር አለች። ረምዚ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ወደ ጫላ ተጠግቶ ዳር ያዘላት።