አባባ በስሜ ያስጻፈው ውል

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤ ናፍቆቴ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው፤ ደረጃው ብቻ ትንሽ ያደክመዋል።

ቤቱን ለጎረቤታችን ለፀጉር ሠሪዋ ሸጠው። ውሉ ላይ ግን እኔ የጓሮውን ክፍል ዕድሜ ልኬን እንድኖርበት፣ መጽሐፍም እንድጠርዝበት አስጻፈ።

"ሻጭም ገዢም አይደለሁም፤ እኔን ምን አገባኝ?" ብዬ ውሉን ያዘጋጁትን ጠበቃ ጠየቅኳቸው።

"መብቱ ያንቺ ነው" አሉኝ። "ተቀብያለሁ ብለሽ እስክትፈርሚ ግን ሊሻር ይችላል። ከፈረምሽ በኋላ ማንም አይነካሽም።"

"ምን ያስቸኩላል? ሌላ ቀን እፈርማለሁ" አልኩ።

አባባ ቆጣ አለ። "እኔ እያየሁ ፈርሚ፣ ልጄ!" እስክሪብቶውን ሲያቀብለኝ ቀለበቱ ከጣቱ ወልቆ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ሁላችንም እንዳላየን ሆንን። ፈረምኩ።

ፀጉር ሠሪዋ አቀፈችኝ፤ "ውል ባይኖርስ የት ልትሄጂብኝ ነው?" አለች። አባባ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቡ ሳቀ።

የልጅነት ደብተሮችህን ሰብስቦ በአንድ ላይ ጠርዞልሃል፣ በቀይ ቆዳ። በፖስታ ልላክለት ስለው፣ "አይሆንም፤ ሲመጣ በእጄ ነው የምሰጠው" አለኝ። እባክህ የዓመት ፈቃድህን እስከ መጨረሻው አታቆየው። አሁኑኑ ጠይቅ።

በቶሎ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ